ስለ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትና ስለ መምህራኑ

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓመተ ምሕረት ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በገዛ ገንዘባቸው አሠርተው በስማቸው የሰየሙትን ትምህርት ቤት መርቀው ሲከፍቱ፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ቤቶቿ በባሕር ዛፍ መካከል ተበታትነው የሚታዩ ከተማ ነበረች። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ አልጋ ወራሹም ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅንና የአውሮፓን ታላላቅ ከተሞች ጎብኝተው ከተመለሱ ገና ዓመት አልደፈኑም ነበር፤ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም መታተም የጀመረው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ነው። እነዚህን ሁሉ አስተባብሮ ለሚመለከት ሰው የትምህርት ቤቱ መከፈት የአንድ ሰፊ ሐሳብ አንዱ ክፍል መሆኑ ይገለጥለታል፤ ሐሳቡም መንግሥትን በዘር በሚወርድ ሹመት ብቻ ከማቆም ይልቅ፣ ደብዳቤ በሚጽፍ፣ ሒሳብ በሚይዝ፣ ከባዕድ መንግሥት ጋር ውል ሲዋዋል አንቀጹን አንብቦ በሚከራከር ሠራተኛ መደገፍ ነበረ።

ከዚያ አስቀድሞ ኢትዮጵያ ትምህርት አልነበራትም ብሎ የሚጽፍ ቢኖር ፈጽሞ ተሳስቷል። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያም ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት እየተሻገረ፣ ደበሎ ለብሶ በቁራሽ እንጀራ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ፣ ለዕውቀት ብሎ የሚቀበለው መከራ ከብዙ አገር ተማሪ መከራ የሚበልጥ ነው። ነገር ግን ይህ ትምህርት የሚያዘጋጀው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት፣ ለትርጓሜና ለጽሕፈት ሥራ ነበረ፤ የባቡር ሐዲድ ውል የሚመረምር፣ የጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላ፣ የስልክ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ግን ከቅኔ ማኅሌት አይወጣም። ይህን ጉድለት አስቀድመው የተረዱት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ በ1900 ዓመተ ምሕረት ገደማ በስማቸው የሚጠራውን የመጀመሪያውን የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቋሙ።

የምኒልክ ትምህርት ቤት አከፋፈት በራሱ ትልቅ ክርክር የነበረበት ነው። ቤተ ክህነት የፈራችው የፈረንጅ መምህር ከሰዋስው ጋር ሃይማኖቱንም አብሮ ያስተምራል ብላ ነው፤ ፍርሃቷም ኢየሱሳውያን ከተባረሩበት ከፋሲል ዘመን ጀምሮ የሚታወስ ምክንያት ስለ ነበረው ከንቱ ነው ሊባል አይገባም። ንጉሠ ነገሥቱም ክርክሩን በኃይል ከመጨረስ ይልቅ በብልሃት ፈቱት፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ራሳቸው ግብፃዊ ነበሩና፣ ሃይማኖታቸው ከእኛ ጋር አንድ የሆነ የቅብጥ መምህራን ከግብፅ እንዲመጡ ተደረገ፤ አለቃቸውም ሐና ሳሊብ የተባሉ ሰው ነበሩ። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ጣልያንኛ፣ ሒሳብና የሰውነት ማጠንከሪያ ከአማርኛና ከግዕዝ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጡ ጀመር። በዚህ ዓይነት የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ የተጀመረው በግብፃውያን ክርስቲያኖች አማካይነት ነው፤ በታሪክ መጻሕፍታችን ለእነርሱ የተሰጠው ቦታ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት መስመር አይበልጥም።

ወደ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ልመለስ። አልጋ ወራሹ ትምህርት ቤቱን በበላይነት እንዲቈጣጠሩላቸው የመረጧቸው ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ የእኒህ ሰው ሕይወት ደግሞ ብቻውን አንድ መጽሐፍ የሚወጣው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓመተ ምሕረት በመቅደላ አምባ ሲወድቁ፣ ገና ሕፃን የነበሩት ወርቅነህ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር መኰንኖች እጅ ገቡ፤ ወደ ሕንድ ተወስደው ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ የሕክምና ትምህርት ፈጽመው በበርማ ሲያገለግሉ ቈይተው፣ በምኒልክ ዘመን አገራቸውን ፈልገው መጡ። ዘመዶቻቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ምልክት ለይተው ቢያውቋቸውም፣ እርሳቸው ግን የእናታቸውን ቋንቋ እንደ እንግዳ ሰው ከሀ ጀምሮ መማር ነበረባቸው። በውጭ አገር ቋንቋ ለሚያስተምር፣ ተማሪውን ግን ለአገሩ ሊያዘጋጅ ለተነሣ ቤት ከእኒህ ሰው የተሻለ አለቃ ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም፤ ከቋንቋ መለየት ምን እንደሚያስከፍል እርሳቸው በሰውነታቸው የተማሩት ነገር ነውና።

በዚያ ዘመን በትምህርት ቤቱ ይሰጡ የነበሩት ዋና ዋና የውጭ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ናቸው፤ የበላይነቱ ግን ለረጅም ጊዜ የፈረንሳይኛ ነበረ። ይህ የሆነው ፈረንሳይኛ የጅቡቲው ባቡር፣ የዲፕሎማሲውና የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ስለ ነበረ ነው። መምህራኑ ከየአገሩ የመጡ፣ መጻሕፍቱም ከማርሴይ በመርከብ የተጫኑ ስለ ነበሩ፣ ተማሪው የሴይን ወንዝ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚፈስ አጥንቶ ሲያበቃ ዓባይን ከአያቱ ተረት በቀር በሌላ አያውቀውም ነበር። የትምህርት ሚኒስቴር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ ብላቴን ጌታ ሣህሌ ጸዳሉ ሚኒስትር በሆኑበት ጊዜ አማካሪ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ኧርነስት ወርክም ይህንኑ ነቅፎ፣ ኢትዮጵያ ለራሷ የሚስማማ የትምህርት ሥርዓትና በራሷ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ያስፈልጓታል ሲል ዕቅድ አቅርቦ ነበር። ዕቅዱ መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ዕቅዶች ተከትለውታል።

የውጭ መምህራኑ ስም በየመዝገቡ ሲጠራ፣ በዚያው ቅጥር ግቢ አማርኛና ግዕዝ የሚያስተምሩት ጥምጥማቸውን የጠመጠሙ የቤተ ክህነት ሊቃውንት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ደመወዛቸው ከፈረንጆቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ተማሪዎቹም ከፈረንሳይኛው ክፍል ወጥተው ወደ እነርሱ ሲገቡ እንደ ዕረፍት ጊዜ የሚቈጥሩት ነበሩ። ይሁን እንጂ ከጣልያን ጦርነት በፊት የተማረው ትውልድ በኋላ በአማርኛ የጻፈውን ስናነብ፣ የዓረፍተ ነገሩ አገነባብና የቃሉ አመራረጥ ከቅኔ ቤት የመጣ እንጂ ከማርሴይ የመጣ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምረው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለዳቸው በ1958 ዓመተ ምሕረት ሲታተም የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ጋብቻ ያየነው በዚያ መጽሐፍ ነው።

የጣልያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ሲገባ የትምህርት ቤቱ ሥራ ተቋረጠ። ወራሪው ኢትዮጵያዊን ከመጀመሪያ ደረጃ በላይ ማስተማር ለአገዛዙ አደገኛ መሆኑን ሳይሸሽግ የሚናገር ስለ ነበረ፣ የተዘጋው አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የከፍተኛ ትምህርት ሐሳብ በመላው ነበረ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የሆነው እልቂት የከተማውን ሕዝብ ሁሉ የነካ ቢሆንም፣ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ ወጣቶች በተለይ እየታደኑ ተገደሉ። በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት የጨረሱት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከተገደሉት መካከል ናቸው፤ አባታቸው በዚያን ጊዜ በሎንዶን ስለ አገራቸው ይከራከሩ ነበር። ለአሥር ዓመት ሙሉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የፈሰሰበት የተማረ ትውልድ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀጨ፤ ኢትዮጵያ ከነጻነት በኋላ ለቢሮዋም ለትምህርት ቤቷም እንደገና የባዕድ እጅ የፈለገችበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ብዙም በማይርቀው በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ስለ እነዚህም ልጆች የቆመ ነው።

ከ1933 በኋላ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ቋንቋውም ተለወጠ። አገሪቱን ነጻ ለማውጣት የረዳው የእንግሊዝ ጦር ከመድፉ ጋር ቋንቋውንም ይዞ ስለ ገባ፣ ፈረንሳይኛ ለእንግሊዝኛ ስፍራውን ለቀቀ። የቀድሞው አልጋ ወራሽ፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የትምህርትን ጉዳይ ለሌላ ሰው አሳልፈው ስላልሰጡ፣ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ሚኒስቴርን በበላይነት የያዙት ራሳቸው ነበሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት እንዲመሩላቸው ከካናዳ፣ ከኬቤክ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራንን አስመጡ፤ አለቃቸው ሉሲየን ማት ይባሉ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። በሱስንዮስ ዘመን የአገሪቱን ሃይማኖት አናውጠው ብዙ ደም ያፈሰሱት፣ በፋሲልም ተባርረው የሄዱት ኢየሱሳውያን፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በኦርቶዶክሳዊ ንጉሥ ተጠርተው የንጉሡን ትምህርት ቤት ለመምራት መምጣታቸው የታሪክ ትንግርት ነው። የመጡበት ስምምነትም ጥብቅ ነበረ፤ የካህን ልብስ ሳይለብሱ እንደ ማንኛውም ዓለማዊ መምህር በኮትና በክራቫት ያስተምራሉ፤ ስለ ሃይማኖታቸውም አይሰብኩም። በዚህ ስምምነት ጸንተው ስለ ኖሩ የቤተ ክህነት ቁጣ አልተነሣባቸውም። ምኒልክ ከቅብጦች ጋር ያደረጉትን ብልሃት ኃይለ ሥላሴ ከካናዳውያን ጋር በሌላ መልኩ ደገሙት ማለት ነው። የኢየሱሳውያኑ ሥርዓት ጠንካራ ነበረ፤ ደወል ሲደወል መሰለፍ፣ የቤት ሥራን በሰዓቱ ማስረከብ፣ ያረፈደ ተማሪ ምክንያቱን ማስረዳት ግዴታ ነው። ሉሲየን ማት ትምህርት ቤቱን ለጥቂት ዓመታት ከመሩ በኋላ በ1943 ዓመተ ምሕረት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው አለቃ ሆኑ፤ ስለዚህ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ታላቅ ተቋም ሥሩ ቢመረመር አንደኛው ሥር በዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ይገኛል።

በዚያን ጊዜ የተማሩ ሽማግሌዎች ስለ ትምህርት ቤት ዘመናቸው ሲያወጉ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ነገር የገና ስጦታ ነው። የከተማው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በገና ሰሞን ተሰልፈው ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሹራብ፣ ብርቱካንና ኬክ ያድሏቸዋል። ከየድኻው ሰፈር የመጣው ልጅ ኬኩን በልቶ ብርቱካኑን ለእናቱ በኪሱ ሸሽጎ ይመለሳል፤ ሹራቡ ግን እጅጌው እስኪያጥር ድረስ ዓመት ሙሉ ይለበሳል። ይህን በጎ ሥራ የሚነቅፍ ሰው የለም፤ ሆኖም ትምህርት ከንጉሥ እጅ የሚወርድ ቸርነት ነው እንጂ ለዜጋ የሚገባ መብት አይደለም የሚለውን አስተሳሰብ በልጆች አእምሮ ያሳደረ ሥርዓትም እርሱው ነበረ። የቸርነት ዕዳ በምስጋና ብቻ የሚከፈል መስሏቸው የነበሩት ባለሥልጣኖች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የትምህርቱን መጀመሪያ በዚሁ ትምህርት ቤት ያደረገውና በኋላ በአሜሪካ የተማረው ግርማሜ ንዋይ፣ ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 1953 ዓመተ ምሕረት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ ተነሣ፤ በዚያ ታሪክ ብዙ ደም የፈሰሰውም በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በማግሥቱ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት።

የ1950ዎቹ ዓመታት የትምህርት ቤቱ የክብር ዘመን ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከኮተቤው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከጄኔራል ዊንጌት፣ ከመድኃኔ ዓለምና ከእቴጌ መነን ትምህርት ቤቶች ጋር በማትሪክ ውጤት ይፎካከር ነበረ፤ የማትሪክ ውጤት የሚነገርበት ሳምንትም በአዲስ አበባ ቤተሰብ ሁሉ ዘንድ እንደ ጾም ሰሞን በጸጥታ የሚጠበቅ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ መሆን ጀመረ፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ግን ያው እንግሊዝኛ ቀጠለ። በዚያው ጊዜ ከአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በመቶ እየተቈጠሩ ገቡ፤ ከሕንድ የመጡትም መምህራን ከእነርሱ በፊት ጀምረው፣ ከእነርሱም በኋላ ቈይተው፣ ለአንድ ትውልድ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩ ናቸው። አሜሪካዊው ከሁለት ዓመት በኋላ ፎቶግራፉን ይዞ ይመለሳል፤ ሕንዳዊው ከነቤተሰቡ ተቀምጦ በአነጋገሩ የሚቀልዱበትን ልጆች ለማትሪክ ያበቃል። የትኛው ይበልጥ እንደ ጠቀመን ብጠየቅ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እላለሁ።

ኢትዮጵያዊው መምህር በቁጥር እየበዛ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ደመወዙ ከባዕዳኑ ያነሰ፣ በቤት ኪራይ የሚኖር፣ የተማሪውን ወላጅ በስም የሚያውቅ መምህር ነበረ። ከ1957 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት አገልግሎት እንዲሰጡ ሲታዘዝ፣ ብዙዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ጠመኔ ጨብጠው ከሰሌዳ ፊት ቆሙ፤ የባላገሩን ኑሮም በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ ጎዳና ሲሰማ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚገኘው የተፈሪ መኮንን ተማሪ ጩኸቱን ሳይሰማ ሊቀር አይችልም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሰልፍ ሲወጣ የሁለተኛ ደረጃውም ድንጋይ ይዞ ይከተላል፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። በየካቲት 1966 ዓመተ ምሕረት የመምህራን ማኅበር የመንግሥትን የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ተቃውሞ ሥራ ሲያቆም፣ ለሃምሳ ዓመት ያህል የትምህርት ቤት ታሪክ ሲጻፍ ስሙ ያልተጠራው ኢትዮጵያዊ መምህር በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንግሥት ሁሉ ራስ ምታት ሆነ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሆነው በብዙዎች አእምሮ ገና ትኩስ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በታኅሣሥ 1967 ዓመተ ምሕረት የዩኒቨርሲቲና የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር፣ በጠቅላላው ወደ 60,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። የነገሥታቱ ስም ከየበሩ ሲፋቅ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የካቲት 12፣ የተፈሪ መኮንንም እንጦጦ ተባለ። ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን በከተማው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያወረደው መዓት ከየካቲት 12ቱ ጋር ሲነጻጸር፣ የኋለኛው በገዛ ወገን እጅ የተፈጸመ በመሆኑ ይበልጥ ይመራል። የሞቱት ልጆች ስም በአንድ ስፍራ ተጽፎ የሚገኝበት ሰሌዳ በየትምህርት ቤቱ መኖር የሚገባው ነበር።

በሌላ በኩል ግን ለእውነት ስንል ልንመሰክርለት የሚገባ ነገር አለ። የትምህርት በር ለሰፊው ሕዝብ ልጅ በሰፊው የተከፈተው በዚሁ ጊዜ ነው። አዳሪ ቤቱ የነበረበት፣ ለተመረጡ ወንዶች ልጆች ብቻ የተሠራው ተቋም፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ የጉለሌውንም የሽሮ ሜዳውንም የሸማኔ ልጅ የሚቀበል ሆነ። ቦታ ስላልበቃ በፈረቃ ማስተማር መጣ፤ የጧቱ ተማሪ ሲወጣ የከሰዓቱ በሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ በአንድ ወንበር ሦስትና አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ መምህሩም አንዱን ትምህርት በቀን ስድስት ጊዜ ደጋግሞ፣ እጁ በጠመኔ ነጥቶ ይገባል። ጥራቱ ወረደ የሚሉት የቀድሞ ተማሪዎች ልክ ናቸው፤ ይሁን እንጂ እነርሱ በተማሩበት ዘመን በር ላይ ቀርተው የተመለሱት ልጆች ስንት እንደ ነበሩ አብረው ቢቈጥሩ ፍርዳቸው ይለዝባል። እኔ በበኩሌ ሦስት ሆኖ በአንድ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ከደጅ ከተመለሰው ልጅ ይሻላል የምል ነኝ።

በ1986 ዓመተ ምሕረት አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ሁለተኛ ደረጃ በአሥረኛ ክፍል ተቈረጠ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለመሰናዶና ለቴክኒክ ሙያ ተከፈለ፤ ለእጅ ሥራው የተከፈለው ትምህርት ዛሬ በእንጦጦ ስም በሚጠራው ኮሌጅ ይሰጣል። ለአገር አስተዳዳሪዎች ማፍሪያ የተባለ ቤት የብረት በያጅና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማፍሪያ በመሆኑ የሚያዝኑ የቀድሞ ተማሪዎች አሉ፤ አገሪቱ ግን ከአስተዳዳሪ ይልቅ በያጅ እንደ ቸገራት ለማወቅ ቤት ያሠራ ሰው ምስክር ይበቃናል።

ሚያዝያ 2017 ዓመተ ምሕረት ያ በር ከተከፈተ 100 ዓመት ሞላው። በዚህ ዘመን ሁሉ ስለ መሥራቹ፣ ስለ ካናዳውያኑ፣ ሚኒስትርና ጄኔራል ስለ ሆኑት ተማሪዎች ብዙ ተብሏል፤ ሰዋስው ያስተማሩት መሪጌቶች፣ ሒሳብ ያስተማሩት ሕንዶች፣ በፈረቃ ዘመን ድምፃቸው የጠፋው መምህራን ግን ስማቸው ያለው በሪከርድ ክፍል በተከማቹት የስም መጥሪያና የውጤት መዝገቦች ውስጥ ብቻ ነው። ወረቀት በእርጥበትና በምስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩ አለቆች አሮጌዎቹን መዛግብት ከመጣላቸው በፊት ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንዲያስረክቡ፣ የቀድሞ ተማሪዎችም በየሳጥናቸው ያለውን የክፍል ፎቶግራፍ አውጥተው፣ ከፊተኛው መስመር መካከል የተቀመጡትን መምህር ስም በጀርባው እንዲጽፉበት አጥብቄ እለምናለሁ።